ስሙን የሚቀያይረው ቡድን፦ የሴቶች ብስክሌት ቡድን በማን ገንዘብ ይኖራል?

የብስክሌት ውድድር በቴሌቪዥን የመመልከት ዕድል ሲገጥማችሁ የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ ሜትሮች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከሌሎቹ ተነጥላ ብቻዋን የምትመጣ ብስክሌተኛ ዞር ብላ ከኋላዋ ታያለች። የሚደርስባት እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ፣ እጆቿን ከመዘርጋቷ በፊት፣ አንድ ትንሽ ሥራ ትሠራለች፦ አቀበቱ ላይ ሙቀቱ ሲበረታባት ዝቅ አድርጋው የነበረውን የማሊያዋን ዚፕ እስከ አንገቷ ትዘጋዋለች። እግሯ ዝሏል፣ ትንፋሿ ተቆራርጧል፤ ጣቶቿ ግን ዚፑን ይፈልጋሉ። ከዚያ ማሊያውን ወደ ታች ጎተት አድርጋ ታስተካክላለች። እጆቿ ወደ ሰማይ የሚወጡት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ዚፑ ክፍት ከሆነ ደረቷ ላይ የተጻፈው ስም ለሁለት ይሰነጠቃል፤ በማግስቱ በሚወጣው ፎቶግራፍ ላይም አይነበብም። ያ ስም ደግሞ ደመወዟን የሚከፍለው፣ መካኒኩን የቀጠረው፣ ትናንት ያደረችበትን ሆቴል ሒሳብ የዘጋው ድርጅት ስም ነው። ስለዚህ ዚፑን መዝጋት ከሥራዋ ግዴታዎች አንዱ ነው፤ ብዙዎቹ ማንም ሳያሳስባቸው ያደርጉታል።

የብስክሌት ስፖርትን መከታተል የጀመረ ሰው ቶሎ ግር የሚለው ነገር የቡድኖቹ ስም ነው። ዘንድሮ አንድ ስም፣ ለከርሞ ሌላ ስም፤ ተወዳዳሪዎቹ ግን እነዚያው ናቸው። ይህ ለምን እንደሚሆን ለማስረዳት በአንድ የሴቶች ቡድን ታሪክ ውስጥ ማለፍ ይሻላል። ዛሬ ካንየን-ስራም በሚለው ስም የሚታወቀው ቡድን የዘር ሐረጉ ወደ ኋላ ሲቆጠር፣ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ አሥር ያህል ስም ለብሷል። በሕግ ዓይን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ድርጅት ነው ማለት አይቻልም፤ ኩባንያው ፈርሶ ሌላ የተቋቋመበት ጊዜ አለ። ሰዎቹ ግን ከአንዱ ማሊያ ወደ ሌላው እየተሻገሩ አቆይተውታል። እኔን ወደዚህ ታሪክ የሳበኝም ይኸው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ አስቀድሞ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር፣ የብስክሌት ቡድን ከእግር ኳስ ክለብ ጋር አይመሳሰልም። የእግር ኳስ ክለብ ስታዲየም አለው ወይም ይከራያል፤ ትኬት ይሸጣል፤ ከቴሌቪዥን መብት ድርሻ ያገኛል፤ ተጫዋች ሸጦ ገንዘብ ያስገባል። የብስክሌት ውድድር የሚካሄደው ግን በሕዝብ መንገድ ላይ ነው። ተመልካቹ ከቤቱ ወንበር አውጥቶ መንገድ ዳር ይቀመጣል፤ የሚከፍለው ነገር የለም። ከቴሌቪዥን የሚገኘው ገንዘብም የሚሄደው ለውድድሩ አዘጋጅ ነው። ለምሳሌ ቱር ደ ፍራንስን የሚያዘጋጀው የፈረንሳይ ኩባንያ የሥርጭት መብቱን ይሸጣል፤ ቡድኖቹ ከዚያ ላይ ድርሻ የላቸውም። ብስክሌተኛ ቡድን ስትቀይርም እንደ እግር ኳሱ የዝውውር ክፍያ መቀበል የተለመደ አይደለም፤ ውሏ ሲያልቅ ትሄዳለች።

እንግዲህ ቡድኑ የሚሸጠው ምን ቀረው? ስሙን ነው። ራሱን የሚጠራበትን ስም ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ያከራያል። በአገራችን ስፖርት ይህ ብዙም የተለመደ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን የባንኩ ስም የተሰጠው የባንኩ ስለሆነ ነው። በብስክሌቱ ዓለም ግን ስሙ ቡድኑ ላይ የተጻፈው ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ የቡድኑ ባለቤት አይደለም። ባለቤቱ አንድ አነስተኛ ኩባንያ፣ ብዙ ጊዜም አንድ የቀድሞ ብስክሌተኛ ያቋቋመው ድርጅት ነው። ያ ሰው ፈቃዱን ይይዛል፣ ተወዳዳሪዎቹን ያስፈርማል፤ ከዚያ ስሙን የሚከራይ ድርጅት ፍለጋ በር ያንኳኳል። ዋናው ስፖንሰር ውሉን ሳያድስ ሲቀር በእጁ የሚቀሩት ያገለገሉ መኪናዎች፣ መለዋወጫ ጎማዎችና አዲስ ዓመት ሳይገባ ሥራ ፈላጊ ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎች ናቸው።

ማሊያውን እንደ ካርታ ማንበብ ይቻላል። ደረትና ጀርባ ዋናው ቦታ ነው፤ ስሙ የቡድኑ ስም የሆነው ድርጅት እዚያ ይቀመጣል። ሁለተኛ ስም ካለ በሰረዝ ተያይዞ ይጻፋል፤ በቡድኖቹ ስም መካከል የምናየው ሰረዝ የሁለት ውሎች መገናኛ ነው። ትከሻው፣ ክንዱና የቁምጣው ጎን በመጠን ለሚያንስ ገንዘብ የሚሸጡ ቦታዎች ናቸው። ከእነዚህ ሌላ በጥሬ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በዕቃ የሚረዱ አሉ፦ ብስክሌቱን የሚሠራው ፋብሪካ፣ ማርሹንና ፍሬኑን የሚያቀርበው፣ ጎማው፣ የራስ ቁሩ፣ ጫማው፣ መነጽሩ። ለአንድ ተወዳዳሪ የመንገድ ብስክሌት፣ መለዋወጫ ብስክሌትና የክሮኖ ሜትር (ከሰዓት ጋር ብቻ የሚታገሉበት ውድድር) ብስክሌት እንደሚያስፈልጋት ስናስብ የዕቃው ድጋፍ ቀላል አይደለም። ሆኖም ብስክሌት በልቶ የሚያድር ሰው የለም። መካኒኩ፣ ወጌሻው፣ አሰልጣኙ፣ ሾፌሩና የአውሮፕላን ትኬቱ የሚከፈሉት በጥሬ ገንዘብ ነው። ትልልቆቹ የወንዶች ቡድኖች በዓመት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ ሲያንቀሳቅሱ፣ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ያሉት የሴቶች ቡድኖች የሚንቀሳቀሱት በጥቂት ሚሊዮኖች ነው።

አሁን ወደ ቡድናችን እንግባ።

በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ የጀርመኑ ስልክ ድርጅት ዶይቸ ቴሌኮም በቲ-ሞባይል ስም የወንዶችም የሴቶችም ቡድን ነበረው። የወንዶቹ ቡድን በዓለም ከታወቁት አንዱ ነበር። ከዚያ የአበረታች መድኃኒት ቅሌት በላዩ ላይ ተደራረበ፤ በ2006 ኮከቡ ያን ኡልሪሽ ከቱር ደ ፍራንስ ዋዜማ ታገደ፣ በ2007 ደግሞ ሌላ ተወዳዳሪ በምርመራ ተያዘ። በኅዳር 2007 ቴሌኮም ከብስክሌት ስፖርት መውጣቱን አስታወቀ። ቅሌቱ የወንዶቹ ነበር፤ ስሙ ግን ከሁለቱም ማሊያ ላይ ተፋቀ። ሴቶቹ ባልበሉበት ዕዳ ከፋይ ሆኑ። ይህ የሴቶች ስፖርት ስፖንሰርነት የመጀመሪያው ድካም ነው፦ የወንዶቹ ቡድን ተቀጥላ ሆኖ የኖረ ቡድን፣ ወንዶቹ ሲወድቁ አብሮ ይወድቃል።

በዚያን ጊዜ አልወደቀም። የቡድኑ ኃላፊ የነበረው አሜሪካዊው ቦብ ስቴፕልተን ሁለቱንም ቡድኖች በራሱ ኩባንያ በሃይ ሮድ ስም ይዞ ቀጠለ። በ2008 አጋማሽ ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ የልብስ አምራች ደረቱን ገዛ። በኋላ ኤችቲሲ የተባለው የታይዋን ስልክ አምራች ታከለ። ስሙ ኮሎምቢያ-ኤችቲሲ፣ ቀጥሎ ኤችቲሲ-ኮሎምቢያ፣ ቀጥሎም ኤችቲሲ-ሃይሮድ ሆነ። የቃላቱ ቅደም ተከተል መገለባበጥ ማን የበለጠ እየከፈለ እንደሆነ ይናገራል። ጀርመናዊቷ ኢና-ዮኮ ቶይተንበርግ በ2009 የፍላንደርስን ታላቅ ውድድር ስታሸንፍ የኮሎምቢያን ማሊያ ለብሳ ነበር። እርሷ ከቲ-ሞባይል ጀምሮ በእነዚህ ሁሉ ስሞች ውስጥ አልፋለች፤ ስሙ ተቀየረ እንጂ ቡድኗን አልለወጠችም ማለት ይቻላል።

በነሐሴ 2011 ስቴፕልተን አዲስ ስፖንሰር ባለማግኘቱ ቡድኑ በዓመቱ መጨረሻ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በዚያን ወቅት ሃይሮድ በወንዶቹም በሴቶቹም በድል ብዛት ከዓለም ቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። ይህን ነገር ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ስፖርት የምንከታተል ሰዎች ያሸነፈ ይኖራል፣ የተሸነፈ ይጠፋል ብለን እናምናለን። በዚህ ሥራ ግን ማሸነፍ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ስፖንሰር አድራጊው የሚገዛው መታየትን ነው፤ ድል ለመታየት አንዱ መንገድ ብቻ ነው። የድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሲለወጥ፣ የገበያ ዕቅዱ ሲከለስ፣ በስፖርቱ ላይ አዲስ ጥርጣሬ ሲወድቅ፣ የድሉ ብዛት ውሉን አያድስም።

የወንዶቹ ቡድን በዚያው ተበተነ። የሴቶቹ ግን ተረፈ፤ ያተረፈችውም ክሪስቲ ስክሪምጀር የምትባል ሴት ናት። አውስትራሊያዊቷ ስክሪምጀር ራሷ ብስክሌተኛ የነበረች፣ ከዚያም በሃይሮድ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ የሠራች ናት። የራሷን ኩባንያ አቋቁማ ሁለት ስፖንሰሮች ይዛ መጣች፦ ስፔሻላይዝድ የተባለውን የካሊፎርኒያ ብስክሌት አምራችና ሉሉሌሞን የተባለውን የካናዳ የስፖርት ልብስ ድርጅት። ሉሉሌሞን በዚያን ጊዜ በዋነኛነት የሚታወቀው ሴቶች ለዮጋ በሚለብሱት ልብስ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ተለወጠ፤ እንደ እኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ ማጠፊያ ይህ ነው። እስከዚያ ድረስ ገንዘቡ የሚመጣው ወንዶቹን ስፖንሰር ለማድረግ ከመጣ ድርጅት ተቀንሶ ነበር። ሉሉሌሞን ግን የመጣው ለሴቶቹ ብሎ ነው፤ ደንበኞቹ ሴቶች ስለሆኑ ሴት ስትጋልብ መታየቷ ለሥራው ይጠቅመዋል። በሴቶች ቡድን ላይ የሚወጣው ገንዘብ ምጽዋት መሆኑ አብቅቶ ንግድ ሲሆን፣ በር የምታንኳኳዋ ሥራ አስኪያጅ የምትናገረው ቃልም ይለወጣል።

ቡድኑ ስሙን በቀየረ በመጀመሪያው ዓመት ያገኘው ድል ስለ ስፖንሰርነት ብዙ ያስረዳል። በመስከረም 2012 በሆላንድ ቫልከንበርግ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ላይ የቡድን ክሮኖ ሜትር ውድድር ለንግድ ቡድኖች ተከፈተ። ክሮኖ ሜትር ማለት ተወዳዳሪው ከሰዓት ጋር ብቻ የሚታገልበት ግልቢያ ነው፤ በቡድን ሲሆን ስድስት ሴቶች በአንድ ረድፍ ተጣብቀው፣ ከፊት ያለችው ነፋሱን እየሰበረች፣ ስትደክም ወደ ኋላ እየሄደች ይጋልባሉ። በሌላው የዓለም ሻምፒዮና ውድድር ሁሉም የአገሩን ማሊያ ይለብሳል። በዚህኛው ግን እስከ 2018 ድረስ የሚወዳደሩት በስፖንሰሮቻቸው ስም ነበር። ስፔሻላይዝድ-ሉሉሌሞን አሸነፈ፤ ማለትም የዓለም ሻምፒዮን የሆነው አገር አልነበረም፣ የብስክሌት ፋብሪካና የልብስ ድርጅት ነበር። ከስድስቱ አንዷ ኤቭሊን ስቲቨንስ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በኒው ዮርክ ዎል ስትሪት የፋይናንስ ባለሙያ የነበረች ናት። ሌላዋ ከቲ-ሞባይል ዘመን የተሻገረችው ቶይተንበርግ ነበረች። ሦስተኛዋን፣ ትሪክሲ ቮራክን፣ በስሟ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ቡድኑ ይህንኑ ዋንጫ በ2013 እና በ2014 ደገመው። በ2014 መጨረሻ ግን ሁለቱም ስፖንሰሮች ውላቸው አብቅቶ ወጡ። በተከታታይ ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ደረቱ ባዶ ሆነ። ስክሪምጀር በዚያን ወቅት ያደረገችው ነገር በፕሮፌሽናል ስፖርት ብዙ ጊዜ አይታይም፦ በኢንተርኔት ከደጋፊዎች መዋጮ ጠየቀች። ሰዎች ከኪሳቸው አዋጡ። የዓለም ሻምፒዮኖች የሚቀጥለውን ዓመት ለመጋለብ ከሕዝብ መዋጮ መሰብሰባቸው ያሳዝናል፤ ከሩቅ ሆኖ የሚመለከታቸው ሰው ገንዘቡን መስጠቱ ደግሞ የሚያኮራ ነው። ሁለቱም ስሜት እኩል ይሰማኛል። መዋጮው ክፍተት ይሸፍናል እንጂ ቡድን አያስተዳድርም፤ ዋናውን ሸክም የተሸከመው ስራም የተባለው የቺካጎ ኩባንያ ነው። ስራም ማርሽና ፍሬን የሚሠራ ድርጅት ነው፤ እስከዚያ ዕቃ አቅራቢ የነበረ አሁን ስም ሰጪ ሆነ። በ2015 ቬሎሲዮ-ስራም በሚል ስም አራተኛውን የዓለም ዋንጫ በአሜሪካ ሪችመንድ ወሰዱ። ከዚያ ስክሪምጀር ደከመች፤ በዚያው ዓመት ቡድኗ እንደሚዘጋ አስታወቀች።

ደግሞም አልሞተም። በቡድኑ ውስጥ በኃላፊነት ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው የቀድሞ ብስክሌተኛ ሮኒ ላውከ ስራምን ይዞ፣ ካንየን የተባለውን የጀርመን የብስክሌት አምራች ጨምሮ በ2016 አዲስ ቡድን አቋቋመ፦ ካንየን-ስራም። ካንየን ብስክሌቶቹን በሱቅ ሳይሆን በኢንተርኔት በቀጥታ ለገዢው የሚሸጥ ድርጅት ነው። ሱቅ የሌለው ሻጭ ዕቃውን የሚያሳይበት መስኮት ያስፈልገዋል፤ መንገድ ላይ የሚጋልበው ቡድን መስኮቱ ሆነለት። ብስክሌቱን የሚያቀርበውና ማርሹን የሚያቀርበው ራሳቸው የቡድኑ ስም መሆናቸው ድንገተኛ አይደለም፤ እነዚህ ድርጅቶች ማንም የውጭ ባንክ ወይም ስልክ ድርጅት ሲመጣና ሲሄድ በስፖርቱ ውስጥ የሚቀሩ ናቸው።

በዚያው ዓመት ትሪክሲ ቮራክ በጣሊያን ውድድር ላይ ክፉኛ ወድቃ አንድ ኩላሊቷን አጣች። በዚያው ዓመት ወደ ውድድር ተመለሰች። በ2018 በኦስትሪያ ኢንስብሩክ ካንየን-ስራም የቡድን ክሮኖ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ከስድስቱ አንዷ እርሷ ነበረች። በ2012 የለበሰችው ማሊያ ላይ የነበሩት ሁለቱም ስሞች በ2018ቱ ማሊያ ላይ የሉም። ሴትየዋ ግን ራሷ ናት።

የካንየን-ስራም ዘመን ሌላ ዓይነት ስፖንሰርም አስተዋወቀን። ዝዊፍት የሚባለው መተግበሪያ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ በቆመ ብስክሌት ላይ ሆነው በስክሪን ላይ እርስ በርስ እንዲወዳደሩ ያደርጋል። ይህ ድርጅት ከቡድኑ ጋር ሆኖ በየዓመቱ የማጣሪያ ውድድር ማካሄድ ጀመረ፤ በቤቷ ሆና ከሁሉም የላቀችው ሴት የቡድኑን ውል ትፈርማለች። የ2016 አሸናፊ ሊያ ቶርቪልሰን የምትባል አሜሪካዊት የማራቶን ሯጭ ነበረች። የ2020 አሸናፊ ወጣቷ አውስትራሊያዊት ኔቭ ብራድበሪ በ2024 በጣሊያን ዙር ብሎክሃውስ የተባለውን አስፈሪ አቀበት ቀድማ ወጥታ በአጠቃላይ ውጤት ሦስተኛ ሆነች። ብዙ ሰዎች እንዲህ ያለውን ምርጫ የማስታወቂያ ዘዴ ብቻ አድርገው ነበር የተመለከቱት። ብራድበሪ ግን በዚያ በር የገባች እውነተኛ ብስክሌተኛ መሆኗን ተራራው መሰከረ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በዙሪያው ያለው ሥርዓት እንዴት ነበር? ለብዙ ዓመታት መጥፎ ነበር። በሴቶች ቡድን ውስጥ ያለ ምንም ደመወዝ የሚጋልቡ፣ ሌላ ሥራ እየሠሩ የሚለማመዱ ሞልተው ነበር። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት፣ በአጭሩ ዩሲአይ፣ በ2020 ለስምንት ቡድኖች የከፍተኛ ደረጃ ፈቃድ ሰጠ፤ በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 15,000 ዩሮ እንዲሆን ደነገገ። በ2021 ወደ 20,000፣ በ2022 ወደ 27,500፣ በ2023 ወደ 32,102 ዩሮ ከፍ አለ። የወሊድ ፈቃድም በውሉ ውስጥ ገባ። ይህ ድንጋጌ ለስፖንሰር ምን ማለት እንደሆነ ልብ እንበል፦ ቡድን ማቆየት በሦስት ዓመት ውስጥ እጅግ ተወደደ። ትልቅ ገንዘብ ያላቸው ገቡ፤ የአቡ ዳቢ የመንግሥት ኢንቨስትመንት ድርጅት በ2022 የራሱን ስም የያዘ የሴቶች ቡድን ይዞ መጣ። ከወር ወደ ወር እየተንገዳገዱ የሚኖሩ ትናንሽ ቡድኖች ደግሞ ተጨነቁ። እኔ ድንጋጌው ትክክል ነው ባይ ነኝ። በነጻ ጉልበት የሚቆም ቡድን ቆሟል ሊባል አይገባም።

ሌላው ለውጥ የቴሌቪዥን ነው። ስፖንሰር የሚገዛው መታየትን ከሆነ፣ ካሜራ የማይገባበት ውድድር የሚሸጥ ነገር የለውም። የሴቶች ብስክሌት የኖረበት ወጥመድ ይህ ነበር፦ ስለማይታይ ገንዘብ የለውም፣ ገንዘብ ስለሌለው አይታይም። ከ2020 ጀምሮ በከፍተኛው ደረጃ የሚካሄዱ የሴቶች ውድድሮች ቢያንስ 45 ደቂቃ የቀጥታ ሥርጭት እንዲኖራቸው ግዴታ ተጣለ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ያቺ ዚፑን የምትዘጋው ሴት የምትታየው በእነዚያ 45 ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

በጥቅምት 2021 በፈረንሳይ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ የሚደረገው የፓሪስ-ሩቤ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሴቶች ተካሄደ። እንግሊዛዊቷ ሊዚ ዳይግናን ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ብቻዋን ጋልባ አሸነፈች። ጓንት ስላላደረገች መዳፏ ተልጦ መሪው ላይ የተጠቀለለው ጨርቅ ደም በደም ሆኖ ነበር። የተሸለመችው 1,535 ዩሮ ነው፤ በማግስቱ ያሸነፈው ወንድ 30,000 ዩሮ ተሸልሟል። ልዩነቱን ከኪሱ አውጥቶ የሞላላት የቡድኗ ስፖንሰር ትሬክ የተባለው የብስክሌት ኩባንያ ነበር። አዘጋጁ ያላደረገውን ስፖንሰሩ አደረገ። ስፖንሰርን እንደ ነጋዴ ብቻ ለምናይ ሰዎች ይህ መታወስ አለበት። በሴቶች ብስክሌት ብዙውን ጊዜ ክፍተቱን የደፈኑት ስማቸው ማሊያው ላይ ያለ ድርጅቶች ናቸው፤ የማድረግ ግዴታ ግን የለባቸውም፣ ነገ ሊያቆሙም ይችላሉ።

ሲያቆሙ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የፈረንሳዊቷን ሻምፒዮን የኦድሬ ኮርዶን-ራጎን ጥቂት ወራት ማየት ይበቃል። በመስከረም 2022 የአንጎል ደም ዝውውር መታወክ አጋጥሟት ከዓለም ሻምፒዮና ቀረች። ለ2023 ደግሞ ቢ ኤንድ ቢ ሆቴልስ በሚል ስም ይቋቋማል ወደተባለ አዲስ የፈረንሳይ ቡድን ለመግባት ተስማምታ ነበር። የቡድኑ መሥራች የጠበቀው ስፖንሰር ሳይፈርም ቀረ፤ በታኅሣሥ ዕቅዱ ፈረሰ። በዚያ ሰዓት ሌሎች ቡድኖች ቦታቸውን ሞልተው ነበር። ዛአፍ ወደተባለ፣ ከከፍተኛው ደረጃ በታች ወደተመዘገበ ቡድን ገባች። እዚያ ደግሞ ደመወዝ አልተከፈለም፤ ተወዳዳሪዎቹ አንድ በአንድ ለቀቁ፣ ዩሲአይም የቡድኑን ፈቃድ አነሳ። እርሷ በዓመቱ አጋማሽ ሳይደርስ በሦስተኛ ማሊያ ሌላ ቡድን ውስጥ ተገኘች። የከፍተኛ ደረጃ ቡድኖች ፈቃድ ሲያወጡ የባንክ ዋስትና እንዲያስይዙ የሚጠየቁት ለዚህ ነው፤ ቡድኑ መክፈል ካቃተው ከተያዘው ገንዘብ ላይ ለተወዳዳሪዎቹ ይከፈላል። ከዚያ በታች ሲወረድ ጥበቃው ይሳሳል።

ከዚያ በታች ባለው እርከን ውስጥ አንዲት የእኛ ሰው አለች። ከትግራይ የወጣችው እየሩ ተስፎኣም ገብሩ በስደት ፈረንሳይ ገብታ፣ በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ በስደተኞች ቡድን ስም ተወዳድራለች። የጋለበችለት የፈረንሳይ ቡድን በስሙ ውስጥ ግራን ኤስት የሚለውን የአካባቢ መስተዳድር ስም ይዟል፤ ደረቱን የተከራየው የሕዝብ ገንዘብ ነው ማለት ነው። በዚህ እርከን ያሉ የሴቶች ቡድኖች ከላይ የተጠቀሰው የደመወዝ ወለል አይመለከታቸውም። ከአፍሪካ የምትነሳ ብስክሌተኛ በመጀመሪያ የምታገኘው በር ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

የካንየን-ስራም ታሪክ ከፍተኛው ቦታ ላይ የደረሰው በነሐሴ 2024 ነው። በ2022 ለሴቶች በአዲስ መልክ የተጀመረው ቱር ደ ፍራንስ ከሮተርዳም ተነስቶ አልፕ ዱዌዝ ተራራ ላይ ያበቃ ነበር፤ የውድድሩ ዋና ስፖንሰር ራሱ ዝዊፍት ነው። የካንየን-ስራሟ ፖላንዳዊት ካሺያ ኒየቪያዶማ በቀናቱ ድምር ሰዓት የምትመራዋ የምትለብሰውን ቢጫ ማሊያ ለብሳ ወደ መጨረሻው ቀን ገባች። ያለፈው ዓመት አሸናፊ ዴሚ ቮለሪንግ በአምስተኛው የውድድሩ ክፍል ላይ ወድቃ ጊዜ በማጣቷ 1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ወደ ኋላ ነበረች። ቮለሪንግ የመጨረሻው አቀበት ሳይጀመር ገና ከሩቅ ጥቃት ከፈተች፤ ከዚያ በፊት ባለው ግላንዶን በተባለው ተራራ ላይ ኒየቪያዶማን ጥላት ሄደች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሒሳብ ነበር። ቮለሪንግ የዕለቱን ውድድር አሸንፋ የአሸናፊነት ጉርሻውን 10 ሰከንድ ወሰደች፤ መስመሩ ላይ ቆማም ሰዓቱን ጠበቀች። ኒየቪያዶማ በመጨረሻዎቹ መታጠፊያዎች ላይ ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ መጣች። ቱር ደ ፍራንስን በ4 ሰከንድ አሸነፈች። በወንዶቹም በሴቶቹም ታሪክ ይህን ያህል ጠባብ ልዩነት አልነበረም፤ የወንዶቹ በ1989 የተመዘገበው 8 ሰከንድ ነው።

የዚያን ቀን ምስል ደጋግሜ አይቼዋለሁ። መስመሩን ካለፈች በኋላ አስፋልቱ ላይ ናት፣ ሰዎች ዙሪያዋን ከበዋታል፣ አሸንፋ ወይም አላሸነፈች እንደሆነ ገና አላወቀችም። ቢጫው ማሊያ የውድድሩ ነው፤ ቢሆንም አዘጋጆቹ የእያንዳንዱን ቡድን ስም ደረቱ ላይ ይለጥፉበታል። ካንየንና ስራም የሚሉት ቃላት እዚያ ነበሩ።

በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ቡድኑ አዲሱን ማሊያ አወጣ። ከሁለቱ ስሞች አጠገብ ሦስተኛ ስም ተጨምሮ ነበር፤ ዞንዳክሪፕቶ የተባለ የዲጂታል ገንዘብ መገበያያ።